ጀማሪ ተመራማሪን ለየትኛው ሽልማት እንጠቁም? ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለዲኖችና ለአማካሪዎች የቀረበ ንጽጽር

የሽልማት ጥሪ ለትምህርት ክፍል ሲደርስ ብዙ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ገንዘቡ ላይ ነው። 5,000 ዶላር የሚለው ይታለፋል፤ 100,000 የሚለው ለሁሉም ይበተናል። ከዚያ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ኃላፊው ወጣቷን ተመራማሪ ጠርቶ «ደብዳቤውን አንቺው ጻፊና አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ» ይላታል። በዚህ መንገድ የሄደ ጥቆማ ሲወድቅ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተመራማሪዋ አይደለም። ወይ ለእሷ ባልታሰበ ሽልማት ተወዳድራለች፣ ወይ ደብዳቤው ሲቪዋ ላይ ካለው የተለየ ነገር አልነገረም።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ማዕከላት ለሚሠሩ ጠቋሚዎች ነው። አሜሪካና እስራኤል ላሉትም አንድ ክፍል ተጨምሯል። ሰጪዎቹ ድርጅቶች ደንባቸውንና የገንዘቡን መጠን ስለሚያሻሽሉ እዚህ ያለውን ለመምረጥ ተጠቀሙበት፤ ቅጹን ስትሞሉ ግን የዓመቱን ጥሪ ከፊታችሁ አድርጉ።

ከገንዘቡ በፊት የሚነበቡት አራት መስመሮች

ጥሪው አሥር ገጽ ቢሆንም ምርጫውን የሚቆርጡት አራት ነገሮች ናቸው፦ ማን ይጠቁማል፣ ዕድሜው ከምን ይቆጠራል፣ እጩው የት መኖር አለበት፣ ዘርፉ ምንድን ነው።

ጠቋሚን በተመለከተ ሽልማቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ተመራማሪው ራሱ የሚያመለክትባቸው ናቸው፤ የኃላፊው ድርሻ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሌላ ሰው እንዲጠቁም ይጠይቃሉ፣ ራስን መጠቆም ክልክል ነው። ሦስተኛዎቹ ከተቋም ብቻ የሚቀበሉ ሲሆኑ ለአንድ ተቋም የሚፈቀደው የእጩ ቁጥርም ውስን ነው። ሁለተኛውን ዓይነት እንደ መጀመሪያው አድርጎ እጩውን «ግባና ሙላ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ቅጹ በእጩው ኢሜይል ከተከፈተ ራስን መጠቆም ሆኖ ይመዘገብና ማንም ሳያነበው ሊወድቅ ይችላል።

ዕድሜ ላይ ደግሞ ሁለት ቆጠራ አለ። አንዱ ከልደት፣ ሌላው ከፒኤችዲ ነው። እኛ ዘንድ ልዩነቱ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። አንድ ሰው በማስተርስ ዓመታት አስተምሮ፣ ዕድሉ ዘግይቶ ሲመጣ ፒኤችዲ ጀምሮ፣ በ38 ዓመቱ ሊጨርስ ይችላል። «ከ40 በታች» የሚለው ሽልማት ለእሱ ከሁለት ዓመት በታች ክፍት ነው፤ «ፒኤችዲ ከያዘ 10 ዓመት ያልሞላው» የሚለው ግን እስከ 48 ዓመቱ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ትልቁ ገንዘብ ሳይሆን ቀድሞ የሚዘጋው በር ነው። የልደት ቆጠራ ያለውን ዘንድሮ፣ የፒኤችዲ ቆጠራ ያለውን ከርሞ። በ29 ዓመቷ ለጨረሰች ሴት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የፒኤችዲው 10 ዓመት 39 ላይ፣ ማለትም ከልደቱ ቀድሞ፣ ያልቅባታል።

መኖሪያውን በኋላ ከየሽልማቱ ጋር እናየዋለን። ዘርፉ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ የእጩው የትምህርት ክፍል ስም ሳይሆን የምርምሩ ይዘት ነው የሚመዘነው። ኬሚስት ሆኖ የመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራ ሰው ባዮሎጂ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ባዮሎጂና መሠረታዊ ሕክምና፦ የሮያል ሶሳይቲ የአፍሪካ ሽልማት

ይህ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አፍሪካ ውስጥ ሆነው ለሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚሰጠው ነው፤ ቀድሞ የፋይዘር ሽልማት ይባል ነበር። በቅርብ ዓመታት ከሜዳሊያው ጋር 15,000 ፓውንድ ለምርምር፣ 2,000 ፓውንድ ደግሞ ለተሸላሚው በግል ሲሰጥ ቆይቷል። ራስን መጠቆም አይቻልም።

ዘርፉ ባዮሎጂካል ሳይንስና መሠረታዊ የሕክምና ሳይንስ ነው። ብዙ የጤና ኮሌጅ ጥቆማዎች የሚሰናከሉት «መሠረታዊ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በአንድ ከተማ ሆስፒታሎች ላይ የተደረገ የዕውቀት፣ የአመለካከትና የተግባር ዳሰሳ፣ የቱንም ያህል ሕትመት ቢወጣበት፣ እዚህ ደካማ ነው። የወባ ተሕዋስ መድኃኒትን እንዴት እንደተላመደ፣ የቲቢ ባክቴሪያ ዝርያዎች ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያዩ፣ የአንድ ዕፅ ንጥረ ነገር ሕዋስ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሥራ ግን ቦታው ነው።

ሁለተኛው መስፈርት ብዙ ጠቋሚ በአንድ መስመር የሚያልፈው ነው፦ ሥራው በአፍሪካ አቅም መገንባቱ። እዚህ ላይ «ብዙ ተማሪዎችን አማክሯል» ብሎ ማለፍ ዕድል ማባከን ነው። ስንት የማስተርስ ተማሪ አስመረቀ፣ ከእነሱ ስንቶቹ ዛሬ የት ይሠራሉ፣ ቀድሞ ወደ ውጭ ይላክ የነበረ ምን ዓይነት ናሙና ዛሬ እዚሁ ይመረመራል፣ የትኛው መሣሪያ ከምን ዓመት ጀምሮ በማን እየተንቀሳቀሰ ነው፤ የሚጻፈው ይህ ነው። አንድ ፒሲአር (የዘረመል መመርመሪያ) ማሽን አምጥቶ ሁለት ቴክኒሺያን ያሠለጠነ ሰው፣ ቁጥሩን ካስቀመጠ፣ ሃያ ወረቀት ካለውና ስለዚህ ምንም ካልተባለለት ሰው የበለጠ ይነበባል።

ሴት ተመራማሪ ስትሆን

የተለመደው ምርጫ በኦውስድና በኤልሰቪየር ፋውንዴሽን ሽልማት እና በሎሬያል–ዩኔስኮ የአፍሪካ ወጣት ባለተሰጥኦዎች ፕሮግራም መካከል ነው። በስም ቢቀራረቡም ሥራቸው የተለያየ ነው።

ኦውስድ መቀመጫውን ጣሊያን ትሪየስቴ ያደረገ በታዳጊ አገሮች ያሉ ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ነው። ሽልማቱ 5,000 ዶላር ሲሆን ለዓመታት በሌላ ሰው ጥቆማ ብቻ ሲካሄድ ቆይቷል። እጩዋ ፒኤችዲ ከያዘች 10 ዓመት ያላለፋት፣ ካለፉት አምስት ዓመታት ቢያንስ ሦስቱን ከተዘረዘሩት ታዳጊ አገሮች በአንዱ ኖራ የሠራች መሆን አለባት። መስኩ በየዓመቱ ይቀያየራል።

የመኖሪያው ደንብ ሳንድዊች ፕሮግራም (ፒኤችዲውን ከፊሉን እዚህ፣ ከፊሉን ውጭ የሚያስተምር) ውስጥ ያለፉትን ይነካል። ቤልጂየም ወይም ኖርዌይ በየዓመቱ ስድስት ወር እየተቀመጠች አራት ዓመት የተማረች ሴት ውጭ የቆየችው 24 ወር ነው። ከ60 ወር 24 ሲቀነስ 36 ይቀራል፤ ማለትም ሦስት ዓመት፣ ልክ ጫፍ ላይ። አንድ ተጨማሪ የላቦራቶሪ ጉብኝት ካላት ወድቃለች። ፓስፖርቷ ላይ ያሉትን ማኅተሞች ይዞ ወሩን መቁጠርና ጫፍ ላይ ከሆነች አዘጋጆቹን ቀድሞ በኢሜይል መጠየቅ ነው። መልሱ ከዘገየ ደግሞ አንድ ዓመት መጠበቅ ይሻላል፤ እዚህ ከኖረች ቆጠራው በራሱ ይስተካከላልና።

ሎሬያል–ዩኔስኮ ላይ ራሷ ታመለክታለች። ለፒኤችዲ ተማሪ 10,000፣ ለፖስትዶክ (ፒኤችዲ ጨርሳ በጊዜያዊ የምርምር ሥራ ላይ ላለች) 15,000 ዩሮ ሲሰጥ ቆይቷል። እዚህ ችግር የሚመጣው ፖስትዶክ ከሚለው ቃል ነው። እኛ አገር ፒኤችዲ የጨረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ይገባል፤ ፖስትዶክ የሚባል መደብ ያለው ተቋም ጥቂት ነው። ስለዚህ የዓመቱ ጥሪ ቃሉን እንዴት እንደሚተረጉመው ሳይነበብ ማመልከት አይገባም። ፒኤችዲ ላይ ላለች ሴት ግን ማቅማማት አያስፈልግም፤ ኦውስድ ላይ ገና መወዳደር አትችልም፣ ይኸኛው ደግሞ ለእሷ የተሠራ ነው።

ሁለቱም ክፍት ከሆኑላትስ? በእኛ ሚዛን ሥራዋ ገና ገንዘብ የሚፈልግ ከሆነ ሎሬያል፣ ሥራዋ ታይቶ ስም የሚያስፈልጋት ከሆነ ኦውስድ። ሁለቱን በአንድ ወር ውስጥ ማዘጋጀት ግን አንዱን በኮፒ ፔስት መጨረስ ማለት ነው።

ማሳ ላይ ለሚሠራ

ጠቋሚዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት የቦርላግ የመስክ ምርምርና ትግበራ ሽልማት ነው። የዓለም የምግብ ሽልማት ፋውንዴሽን ከ40 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የሚሰጠው ሲሆን 10,000 ዶላር አለው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው የወሰዱት ትልቁ፣ ዕድሜ የማይጠይቀው የዚሁ ፋውንዴሽን ሽልማት ነው፤ ሁለቱን አለማምታታት ነው።

እዚህ የሕትመት ብዛት ዋናው አይደለም። በ2016 የተሸለሙት ኬንያዊው አንድሩ ሙዴ የታወቁት የሳተላይት ምስል ተጠቅሞ የግጦሽ ድርቀትን በሚለካ የከብት መድን ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ከሰሜን ኬንያ ተነሥቶ ቦረና ደርሷል። ሳይንሱ ከወረቀት ወጥቶ አርብቶ አደሩ እጅ መግባቱ ነው የተመዘነው።

ስለዚህ መልካሳ፣ ቁሉምሳ፣ ሆለታ፣ አዴት ወይም ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለ ወጣት የሰብል አዳቃይ ሰባት ወረቀት ብቻ ኖሮት፣ ሁለት ዝርያ ግን ከእጁ ወጥቶ ገበሬ ጋር ከደረሰ፣ ከሮያል ሶሳይቲ ይልቅ ወደዚህ ነው የሚላከው። ማስረጃው የግብርና ሚኒስቴር የሚያሳትመው የሰብል ዝርያዎች መዝገብ፣ ዘሩን ያባዛው ድርጅት ደብዳቤ፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሄክታርና የገበሬ ቁጥር ነው። ችግሩ ዝርያ የአንድ ሰው ሥራ አለመሆኑ ነው። ማዳቀሉን የሠራው ሌላ፣ ሙከራውን የመራው ሌላ፣ መዝገብ ላይ የሰፈረው ማዕከሉ ነው። ጠቋሚው እጩው የትኛውን ደረጃ እንደመራ ለይቶ ካልጻፈ፣ ዳኛው የቡድኑን ሥራ ለአንድ ሰው እንደተሰጠ ያያል። ከዚህ የባሰ ጉዳት የለም።

የአፍሪካ ኅብረት የክዋሜ ንክሩማ ሽልማት

ሦስት እርከን አለው፦ ለአህጉሩ 100,000 ዶላር፣ ለሴት ተመራማሪዎች በክፍለ አህጉር 20,000፣ ለወጣት ተመራማሪዎች በአገር ደረጃ 5,000። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ መሆኑ ለኢትዮጵያዊ እጩ የሚጨምረው ነገር የለም። ጀማሪን ለአህጉር እርከን መላክ ወረቀት ማባከን ነው፤ እዚያ የሚገናኘው የዕድሜ ልክ ሥራ ካላቸው ሰዎች ጋር ነው። የጀማሪው ቦታ የአገር እርከን ነው፣ ጥሪው በወጣ ዓመት።

ገንዘብ የሌላቸው ግን የማይናቁ

ትዋስ የሚባለው የዓለም የሳይንስ አካዳሚ (እሱም ትሪየስቴ ነው) ዕድሜያቸው ከ40 ያላለፈ ተመራማሪዎችን ለአምስት ዓመት በወጣት ተባባሪ አባልነት ይቀበላል። መቀመጫው ሃለ፣ ጀርመን የሆነው ግሎባል ያንግ አካዳሚም ወደ 200 አባላት አሉት፤ አባልነቱ አምስት ዓመት ሲሆን ራስን መጠቆም ይፈቅዳል። ቼክ አይሰጡም። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣ ጠንካራ ደብዳቤ ጸሐፊ የሌለው እጩ በአምስት ዓመት ውስጥ እዚያ ያገኛል፤ ቀጣዩን ሽልማት የሚያስገኙት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ሲቪው ጥሩ፣ የሚያውቀው ሰው ግን አማካሪው ብቻ የሆነ እጩ ካላችሁ መጀመሪያ ወደዚህ ላኩት።

በነገራችን ላይ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ለዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ሽልማት ታጭተዋል» ብሎ የምዝገባ ክፍያ የሚጠይቅ ኢሜይል ሽልማት አይደለም። እዚህ ከተጠቀሱት አንዱም የጥቆማ ክፍያ አይጠይቅም። ሲቪ ላይ እንዲህ ያለ «ሽልማት» ካለ ጥቆማው ከመላኩ በፊት ይውጣ፤ አውቆ የሚያነብ ዳኛ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል።

አሜሪካና እስራኤል ላሉ

አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱን የሚፈጥረው የመኖሪያ ወረቀት ነው። የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የዋተርማን ሽልማት በአምስት ዓመት የሚከፈል 1 ሚሊዮን ዶላር አለው፤ ግን ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ነው። በኤች-1ቢ (በሥራ ቪዛ) ያለ ሰው አይገባም። የዕድሜው መስመር 40 ዓመት ወይም ከፒኤችዲ በኋላ 10 ዓመት ነው፤ ዘግይቶ ለጨረሰ ሰው ይህች «ወይም» ትልቅ በር ናት። የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ከእጩው ተቋም ውጭ መሆን አለባቸው።

የብላቫትኒክ ብሔራዊ ሽልማት 250,000 ዶላር ሲሆን ለሕይወት ሳይንስ፣ ለኬሚስትሪ እንዲሁም ለፊዚካል ሳይንስና ምሕንድስና ይሰጣል፤ እጩው ከ42 ዓመት ያላለፈ መሆን አለበት። የሚጠቁመው ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ትግሉ መጀመሪያ ውስጥ ነው። የምርምር ጽሕፈት ቤቱ የውስጥ ማጣሪያውን የሚያካሂደው ዋናው ጥሪ ከመዘጋቱ ወራት ቀድሞ ነው፤ እሱ ያመለጠው ሰው ሁሉም ነገር አምልጦታል። እስራኤል ውስጥም ተመሳሳይ ስም ያለው ሽልማት አለ፤ 100,000 ዶላር ሲሆን ጥቆማው የሚያልፈው በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነው። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ ወይም ኮነቲከት ያሉ ፖስትዶኮች ደግሞ የራሳቸው የብላቫትኒክ የአካባቢ ውድድር አላቸው።

ፔኬዝ የሚባለው የፕሬዚዳንቱ ሽልማት በ1996 የተቋቋመ ሲሆን እጩን የሚያቀርቡት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ መንገዱ የእነሱን የምርምር ድጎማ አሸንፎ ጥሩ ሥራ መሥራት ነው።

የልደት ቀን፣ የመዝጊያ ሰዓት፣ ስም

ጥሩ እጩዎች ሳይነበቡ የሚወድቁት እዚህ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ካርድ ወይም የትምህርት ማስረጃ ላይ ካለ ሳይቀየር ወደ ቅጽ ይገለበጣል። ጥር 10 ቀን 1979 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች ጃንዋሪ 18 ቀን 1987 ነው የተወለደው፤ በፌብሩዋሪ 2026 ዕድሜው 39 ነው። 1979 ብሎ የገባለት ግን ኮምፒውተሩ 47 ዓመት አድርጎ ያወጣዋል። ሌላው ስህተት ሁልጊዜ ሰባት ዓመት መጨመር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው የሚጨመረው። መስከረም 20 ቀን 1978 ሴፕቴምበር 30 ቀን 1985 ነው፤ ያው ዓመት መጋቢት ላይ ግን 1986 ሆኗል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ከቅጹ ጋር አንድ ይሁን።

የፒኤችዲ ቀንም አንድ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉ ለፈታኞች ቀርቦ ያለፈበት (የዲፌንሱ) ቀን፣ ሴኔቱ ያጸደቀበት ቀንና የምረቃው በዓል ቀን አንዳንዴ ከስድስት ወር በላይ ይራራቃሉ። የ10 ዓመቱ ጫፍ ላይ ላለ እጩ ይህ ወሳኝ ነው። ዲግሪው ላይ የታተመውን ያዙ፤ ጥሪው «የተሰጠበት ቀን» ካለ እሱ ነው። ሁለት የተለያዩ ቀኖች በሲቪውና በቅጹ ላይ መታየት የለባቸውም።

ሰዓት። ጥሪው ለንደን 12፡00 ፒኤም ይዘጋል ካለ እዚያ ቀትር ነው፤ በክረምታቸው ወቅት እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ምሽት 12 ሰዓት ብሎ ያነበበ ሰው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። 23፡59 ለንደን በዚያው ወቅት እዚህ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ነው፤ ትሪየስቴ ከሆነ 7 ሰዓት ከ59። ማርች መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ይቀነሳል። መብራትና ኢንተርኔት ደግሞ የመዝጊያ ቀን አይጠብቁም፤ ሁለት ቀን ቀድሞ ማስገባት ነው።

ስም። ቅጾች «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃሉ፣ እኛ የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በዚያ ሳጥን ሲገባ፣ ወይም ያው ስም በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሁለት «ኤስ» ሲጻፍ፣ ስኮፐስ የተባለው የሕትመቶች መዝገብ እጩውን ሁለት ሰው ያደርገዋል። ዳኛው ከፍቶ ሲያይ ሲቪው 24 ወረቀት ይላል፣ እዚያ ግን 13 ነው። ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ማውጣት (16 አኃዝ ነው፣ በነፃ) እና የተከፈሉትን መዝገቦች እንዲያዋሕዱ ስኮፐስን መጠየቅ ጊዜ ስለሚወስድ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ነው።

ደብዳቤው

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር፣ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከባልደረቦቿ ጋር ተግባቢ» የሚል ደብዳቤ የሥራ ልምድ ወረቀት እንጂ ጥቆማ አይደለም። ጥሩ ደብዳቤ አራት ነገር ይመልሳል፦ ከእሷ በፊት ያልታወቀው ምን ነበር፣ እሷ ምን አደረገች፣ ማን ተጠቀመበት፣ ከእሷ ጋር ማን አደገ። የናሙና አንቀጽ እንይ፦

«በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር እንደሚበልጥ ድሮም ይታወቃል። የማይታወቀው በየቤቱ የተሰጠው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ መቼ ሥራ እንደሚያቆም ነበር። እጩዋ የመለኪያ ዘዴውን ራሷ ነድፋ፣ ማጣሪያዎቹን በየወሩ እየተከታተለች፣ ከሰሉ መለወጥ ያለበትን ጊዜ ከውሃው ባሕርይ ተነሥታ የምትተነብይበትን ቀመር አወጣች። ናሙና የሰበሰቡት ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ ቀመሩ ግን የእሷ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። የሌላውን ድርሻ በግልጽ ስለሰጠች ነው «የእሷ ነው» የሚለው የሚታመነው። በአንጻሩ «ከ30 በላይ ጽሑፎችን በታዋቂ መጽሔቶች አሳትማለች» የሚለው ምንም አይጨምርም፤ ሲቪው ላይ አለ። አምስት ወረቀት ብቻ መርጦ በእያንዳንዱ ሥር ድርሻዋን በአንድ መስመር ማስፈር ይሻላል፦ ሐሳቡ የማን ነበር፣ ትንተናውን ማን ሠራ። ከአምስቱ አንዱ የፒኤችዲ አማካሪዋ ስም የሌለበት ይሁን። ጀማሪ ተመራማሪ ላይ ዳኞች ጮክ ብለው ባይሉትም የሚጠይቁት «ያለ አማካሪዋ ምን ትሠራለች?» የሚለውን ነውና። ገንዘብ ተቀብሎ ሳይገመግም የሚያትም መጽሔት ላይ የወጣ ነገር ዝርዝር ውስጥ አይግባ፤ ሕትመቱን ቢያሳንሰውም ይቅር።

የቃል ወሰን 500 ከሆነ 500 ነው። አንዳንድ ቅጽ የተረፈውን ያለማስጠንቀቂያ ይቆርጠዋል፤ የሚቆረጠው ደግሞ መጨረሻው፣ አብዛኛው ሰው ጠንካራ ነጥቡን ያስቀመጠበት ነው።

ልጅ ወልዳ ወይም በጦርነት ዩኒቨርሲቲዋ ተዘግቶ ዓመታት ካለፉባት ጠቋሚው ይህን ከወርና ከዓመት ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጥ። ብዙ ሽልማቶች የተቋረጠ ጊዜን ከቆጠራው ያወጣሉ፤ ካልተነገራቸው ግን ከየት ያውቁታል? እጩዋ ፈቅዳ ብቻ ነው የሚጻፈው።

ደብዳቤ ጸሐፊዎች

ሦስት ሰው ከተጠየቀ ሦስቱም ከአንድ ፕሮጀክት አይሁኑ። አንዱ አማካሪው ይሁን፣ አንዱ ከአገር ውጭ ሥራውን በሕትመት ብቻ የሚያውቅ፣ አንዱ ውጤቱን የተጠቀመበት ተቋም ሰው። የሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ቢሆንም ክብደት አለው፤ ዝምድና የለበትማ። ሲጠየቁ ሲቪ ብቻ አይላክላቸው፤ የሽልማቱን መስፈርት፣ አምስቱን ወረቀቶች፣ የእናንተን ረቂቅና እንዲያነሡት የምትፈልጉትን አንድ ነጥብ ላኩ። ለእያንዳንዱ የተለየ ነጥብ፤ ያለበለዚያ ሦስቱም አንድ ነገር ይደግማሉ። አውሮፓውያኑ ኦገስት ላይ አይገኙም፤ ፌብሩዋሪ ለሚዘጋ ጥሪ ደግሞ የእኛው ገናና ጥምቀት መሐል ይገባል።

የጊዜ ሰሌዳ

ስምንት ሳምንት ይበቃል፣ አራት አይበቃም። ሳምንቱ ከመዝጊያው ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። በስምንተኛው ሳምንት እጩው ፈቃዱን ይሰጣል፣ ቀኖቹና የስሙ አጻጻፍ ይጣራሉ፣ ፓስፖርቱ ይታያል (ሽልማቱ ጉዞ ካለው ቪዛ ወራት ሊወስድ ይችላል)። በሰባተኛው ጸሐፊዎች ይጠየቃሉ። ስድስተኛውና አምስተኛው የደብዳቤው ረቂቅ ነው፤ የዘርፉ ያልሆነ ሰው ያንብበው፣ ያልገባው ቦታ ላይ ምልክት ያድርግ። በአራተኛው የተቋም ደብዳቤ ካስፈለገ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ይገባል። ከመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ይዞ እስኪወጣ፣ ፈራሚው መስክ ከወጣ ደግሞ፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በሞባይል ተነሥቶ የተንጋደደ ፎቶ አይላክ፤ በስካነር ይነበብ። በሁለተኛው ሳምንት ያልደረሰ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ በመጨረሻው ከመዝጊያው ሁለት ቀን አስቀድሞ ይገባል።

አንድ ቦታ ብቻ ኖሮ ሁለት እጩ ከተገኘ፣ ከሽልማቱ መስፈርት ጋር ይበልጥ የሚገጥመው ይሂድ። በሥራ ዘመን ቀደምትነት ወይም «ባለፈው ዓመት እሱ ቀርቷል» በሚል መምረጥ የትምህርት ክፍሉን ሰላም ይጠብቅ ይሆናል፤ ዳኞቹ ግን ስለዚያ ምንም አያውቁም። የቀረው እጩ በሩ መቼ እንደሚዘጋበት ተቆጥሮ የሚቀጥለው ሽልማት ይነገረው፣ ያን ዕለቱኑ።

ጥቆማው ካልተሳካ ፋይሉን አትጣሉት። አዲስ ወረቀት ሲወጣ፣ ተማሪ ሲመረቅ፣ ዝርያ ሲለቀቅ አንድ መስመር ይጨመርበት። ወደ ሌላ ሽልማት ሲዛወር የሥራው አንቀጾች እንዳሉ ይቆዩና ከዘርፉና ከመስፈርቱ ጋር የሚያያዙት አንቀጾች እንደ አዲስ ይጻፋሉ፤ የቀድሞው ሽልማት ስም አንድ ቦታ ተረስቶ እንዳይቀር ከመላኩ በፊት በፍለጋ ማየት ነው።